መልስ፦ ከሁለቱ የዩፒኤስ ባትሪዎች አንዱን ብቻ ስለ መቀየር

ዘጠኝ ዓመት ያገለገለው ዩፒኤስዎ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) መብራት በጠፋ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደሚዘጋ ገልጸው፣ ካሉት ሁለት ባትሪዎች ያበጠውን ብቻ መቀየር ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም። ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ስለሚሰጡ፣ አዲሱ ከደከመው ጋር ሲጣመር የቻርጀሩ ቮልቴጅ በእኩል አይከፋፈልም፤ አንዱ ከመጠን በላይ ሲሞላ ሌላው ሳይሞላ ይቀራል፣ አዲሱም ያለ ዕድሜው ይበላሻል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ አድርገው ይግዙ።

ሲገዙ ቮልትና አምፔሩን ብቻ አይመልከቱ፤ ሽቦው የሚሰካበት ምላስ ስፋቱ 4.8 ነው ወይስ 6.3 ሚሊ ሜትር የሚለውንም ይለኩ (እኔ ይህን ንቄ ወደ ሱቁ ተመልሻለሁ)። መደርደሪያ ላይ የከረመ ባትሪ ሳይሠራም ያረጃልና፣ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) አስለክተው ከ12.6 ቮልት በታች የሆነውን ይተዉት።

ከመክፈትዎ በፊት ዩፒኤሱን አጥፍተው ከግድግዳው ይንቀሉ፣ የቀይና የጥቁሩን ሽቦ አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የመጨረሻውን ሽቦ ሲሰኩ ጠቅ የምትል ትንሽ ብልጭታ ብታዩ ካፓሲተሮቹ (በዩፒኤሱ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ሲሞሉ የሚፈጠር ነው፤ አይደንግጡ።

ማበጡ ግን ያሳስበኛል፤ የሙቀት ወይም ከልክ ያለፈ ቻርጅ ውጤት ሊሆን ይችላል። አዲሶቹ አንድ ቀን ከሞሉ በኋላ የሁለቱን ድምር ቮልቴጅ ያስለኩ፤ 27 ቮልት ገደማ መሆን ሲገባው 29 ወይም 30 ካሳየ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው። ይህን ልኬት ለባለሙያ ይተዉት፣ በአንዳንድ ዩፒኤስ የባትሪው መስመር ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የተነጠለ ስላልሆነ ሊነዝርዎ ይችላል።