መልስ፦ የወንድሜ ኤምአርአይ በሁለቱም ጎን ለውጥ አሳይቷል፤ የዊልሰን በሽታ ነው ማለት ይቻላል?

በምስሉ ብቻ አይቻልም። እንደ ወንድምዎ እጁ የሚንቀጠቀጥና ንግግሩ የሚኮላተፍ የ17 ዓመት ልጅ በቲ2 ምስል (አንዱ የኤምአርአይ ምስል ዓይነት) ላይ ፑታሜኑና ታላመሱ (ጥልቅ የአንጎል ክፍሎች) በግራም በቀኝም እኩል ነጥተው ሲታዩ፣ መዳብ በጉበትና በአንጎል የሚጠራቀምበት የዊልሰን በሽታ ቀድሞ የሚታሰብ ቢሆንም፣ ተመሳሳይ መልክ በሌይ ሲንድሮም (የሴሎችን ኃይል ማመንጨት የሚያውክ የዘር በሽታ)፣ በኦክስጅን እጥረትና በአንዳንድ መመረዝም ይታያል።

የሚለየው ቀጣዩ ምርመራ ነው፦

1. በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ብሌኑ ዙሪያ የካይዘር ፍላይሸር ቀለበት (መዳብ ተጠራቅሞ የሚፈጥረው ቀለበት) መኖሩ በስሊት ላምፕ (የዓይን ማጉያ መሣሪያ) ይታይለት። በሽታው ነርቭን ከነካ ቀለበቱ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ይገኛል፤ በባትሪ ብርሃን አይቶ «የለም» ማለት ግን አይበቃም።

2. የደም ሴሩሎፕላዝሚን (በደም ውስጥ መዳብ የሚሸከም ፕሮቲን) እና የ24 ሰዓት ሽንት መዳብ ይለካ። በሽንቱ ከ100 ማይክሮግራም በላይ መዳብ ከተገኘ ጥርጣሬው እጅግ ይጠነክራል።

3. የጉበት ምርመራ።

ከልምዴ አንድ ነገር ላሳስብዎ፦ የማዘዣው ወረቀት ላይ «ራስ ምታት» ብቻ ተጽፎ የተላከ ምስል ብዙ ጊዜ «ያልተለየ ለውጥ» ተብሎ ይመለሳል፤ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ምን እንደሚፈልግ አልተነገረውምና። ስለዚህ መንቀጥቀጡም፣ የንግግሩ ለውጥም፣ የቤተሰብ ታሪኩም በማዘዣው ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ወደ ሌላ ሐኪም ሲሄዱም የውጤት ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲ ይያዙ።

በሽታው ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ በመሆኑ፣ በወንድምዎ ከተረጋገጠ እርስዎና ሌሎች እህት ወንድሞችዎ፣ ምንም ባያማችሁም፣ መመርመር ይኖርባችኋል፤ የእያንዳንዳችሁ በሽታው የመኖር ዕድል ከ4 አንድ ነው።