ዝም የሚል ሰርቨር ሌሊቱን ሲበላው

ጥያቄ፦ ሰባት ቅርንጫፎች አሉን። ማታ 6 ሰዓት ላይ አንድ ስክሪፕት በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሌላ ማሽን ውስጥ መግቢያው) ወደየቅርንጫፉ ሰርቨር ተራ በተራ እየገባ ባክአፕ ይሰበስባል። አንዱ ጋ መብራት ከጠፋ ግን እዚያው ድርቅ ይላል። ጠዋት ስገባ የሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ተሰብስቦ አገኛለሁ። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የቱ ጋ እንደሚቆም እንወቅ። የኤስኤስኤች ትዕዛዙ ላይ ሰረዝ ቪ (-v) ጨምርና፣ እያንዳንዱን እርምጃ እንዲነግርህ፣ በእጅህ አስነሳው። "ኮኔክቲንግ ቱ" ብሎ፣ ፖርት 22ን (ኤስኤስኤች የሚገባበትን በር) ጠቅሶ ከቆመ፣ ከወዲያ የሚመልስ የለም። "ኮኔክሽን ሪፊውዝድ" ካለህማ ደስ ይበልህ፤ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ በርቷል፣ የቆመው የኤስኤስኤች ሰርቪሱ ነው። እምቢ የሚል ሰርቨር ጊዜህን አይበላም። የሚበላው ዝም የሚለው ነው። ሊኑክስ መልስ ሲያጣ የመጀመሪያዋን ፓኬት (ግንኙነት የምትጠይቀዋን ትንሽ መልእክት) ደጋግሞ ይልካል፤ ተስፋ የሚቆርጠው 2 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ኮኔክትታይምአውትን (ConnectTimeout) 10 አድርገው፣ በ10 ሰከንድ ይገላገላል።

ያንተን እስከ ጠዋት ያቆመው ግን ይሄ አይመስለኝም። ሰባቱም ቢጠፉ እንኳ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ የምጠረጥረው መብራቱ የሚሄደው ከገባህ በኋላ፣ ፋይሉ እየወረደ ሳለ ነው። ያኔ ያንተ ማሽን ተቀባይ ስለሆነ የሚልከው ነገር የለውም። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የሊኑክስ ኪፕአላይቭ "አለህ ወይ?" ብሎ የሚጠይቀው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። ሦስት ቅርንጫፍ እንዲህ ካደረገህ ነጋ! ኮኔክትታይምአውት እዚህ አይደርስልህም፤ የሱ ሥራ በሩ ላይ አልቋል።

እዚያው ፋይል ላይ ሰርቨርአላይቭኢንተርቫልን (ServerAliveInterval) 15 አድርግ። በየ15 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ 3 ጊዜ መልስ ካጣ ይቆርጣል። እኔ አንዴ ቸኩዬ 5 አድርጌው፣ ደካማ መስመር ላይ ደህናውን ግንኙነት ሁሉ ሲበጥስብኝ ከርሟል። ባችሞድንም (BatchMode) "የስ" (yes) በለው፣ የይለፍ ቃል እየጠየቀ እንዳይገተር። ስክሪፕቱም አንዱ ሲከሽፍ ወደ ቀጣዩ ቅርንጫፍ ማለፉን አረጋግጥ።

ለመሞከር መብራት እስኪጠፋ አትጠብቅ። ፋይል እየወረደ የሰርቨሩን የኔትወርክ ኬብል ንቀልና ሰዓትህን እይ፤ ከ45 ሰከንድ ገደማ በኋላ መለቀቅ አለበት።

ተርሚናልህ ላይ ደርቆ የቀረ ካለ ደግሞ መስኮቱን አትዝጋው። ኤንተር ምታ፣ ሞገድ የምትመስለዋን ቲልዴ ጻፍ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ነጥብ፤ ግንኙነቱ ይቆረጣል።