ለኒኮላ ቀልድ አይደለም

ፊልም ለመሥራት ለምታስቡ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በፊልም ኤዲተርነት ነው የጨረስኩት። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የፈረንሳይ የቤተሰብ ኮሜዲ ነው፤ ሎራን ቲራር እ.ኤ.አ. በ2014 ስላወጣው «የትንሹ ኒኮላ የዕረፍት ጊዜ»። መነሻው ሬኔ ጎሲኒ የጻፈው፣ ዣን-ዣክ ሴምፔ ሥዕሎቹን የሣለው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ መጽሐፍ ነው።

ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የትንሹ ልጅ የኒኮላ ቤተሰብ አያትን ጨምሮ ወደ ባሕር ይወርዳል። እዚያ ኢዛቤል የምትባል ልጅ ዓይኗን አፍጥጣ ኒኮላን ታየዋለች። እሱም ወላጆቹ ለእሷ ሊድሩት የቆረጡ ይመስለዋል። ተመልካቹ ነገሩ የልጅ ሐሳብ መሆኑን ያውቃል። ኒኮላ ግን ከልቡ ፈርቷል፤ ከአዲሶቹ ጓደኞቹ ጋር የሚዶልተው ተንኮል ሁሉ ከዚያ ጋብቻ ለማምለጥ ነው። የምንስቀው እሱ ስለማይስቅ ነው። ልጁ እያሳቀን መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልቅለት ነበር።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ የልጆች ድራማ ኤዲት አደረግሁ። የስምንት ዓመት ልጅ እንደ አገር ሽማግሌ እየመከረ፣ በየመሐሉ ቀልድ ጣል ያደርጋል። እኛ ሥራ ክፍላችን ውስጥ እየሳቅን ነበር የምንቆርጠው። ለልጆች ስናሳያቸው አንዱ ወንበር ሥር ገብቶ መጫወት ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ተመልሼ ምክሩን በሙሉ አወጣሁትና፣ ልጁ በር ጥግ ቆሞ የትልልቆቹን ወሬ የሚያዳምጥበትን አንድ ሾት (ሳይቆረጥ የተቀረጸ ምስል) አስረዘምኩት። ሁለተኛ ስናሳያቸው፣ እዚያ ሾት ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አይሰማም ነበር።

ትልልቆቹንም አትርሷቸው። የኒኮላ ወላጆች ስለ ዕረፍቱ የሚጨቃጨቁት ያለ ነገር አይደለም። በፈረንሳይ ለሠራተኛ ሁለት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት በሕግ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ሦስተኛው ሳምንት የተጨመረው በ1956። የአባትየው የዓመት ድካም እዚያች ጥቂት ቀን ላይ ተንጠልጥሏል። ስክሪፕት ስትጽፉ ዕረፍቱ ለቤተሰቡ ስንት እንዳስወጣው እናንተ እወቁ፤ ልጁ ባያውቀው ግድ የለም።

ደግሞ «እኔ እንዲህ ያለ ልጅነት አላየሁም» ብላችሁ ብዕራችሁን እንዳታስቀምጡ። ጎሲኒ ያደገው አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ነው። ሴምፔ ደግሞ ቦርዶ አካባቢ በድህነትና በቤት ውስጥ ጠብ መሐል አደገ። ያንን ፀሐያማ የፈረንሳይ ልጅነት ሁለቱም አልኖሩትም፤ ወረቀት ላይ ሠሩት። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

አንድ የሥራ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የመጀመሪያው የኒኮላ ፊልም እሱን የተጫወተው ማክሲም ጎዳር ነበር። ሁለተኛው፣ ይኸው የዕረፍቱ ፊልም፣ እስኪሠራ አምስት ዓመት አለፈ፤ ኒኮላ ግን ትንሽ ልጅ እንደሆነ መቆየት ነበረበትና ቦታውን ማቴዮ ቦዋስሊዬ ያዘው። ስለዚህ የምትፈልጉትን ልጅ ካገኛችሁ፣ ካሜራ እስክናሻሽል፣ ገንዘብ እስኪሞላ አትበሉ። በዚህ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቅረጹት።