መልስ፦ ዱባይ፣ ደሴና ዋሽንግተን በአንድ የቪዲዮ ጥሪ

እህቴ፣ አንቺ ከዋሽንግተን፣ እናትሽ ከደሴ፣ እህትሽ ከዱባይ ሆናችሁ እንዴት በአንድ የቪዲዮ ጥሪ እንደምታወሩ ጠይቀሻል። ዱባይ ካለችው እህትሽ ጋር በዋትሳፕ መደወል ያቃተሽ ስልኳ ተበላሽቶ አይደለም። ኤምሬትስ ውስጥ የዋትሳፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ዝግ ነው፤ መልእክት ግን ያልፋል። ቪፒኤን (የተዘጋውን ዞሮ የሚከፍት መተግበሪያ) እንዳትሞክር ንገሪያት። የአገሩ ሕግ ጥብቅ ነው፣ ለእሷ እሰጋለሁ።

ዙም የሚባለውን የቪዲዮ ጥሪ መተግበሪያ ተጠቀሙ፣ ዱባይም ይሠራል። አንቺ ከዋሽንግተን ክፈቺውና ሊንኩን ላኪላቸው። እናትሽ አካውንት ማውጣት አያስፈልጋቸውም።

የሦስታችሁ ኔትወርክ መለያየቱ አያስጨንቅሽ። ምስሉ መጀመሪያ ወደ ዙም ሰርቨር (የድርጅቱ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ይሄዳል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው በኔትወርኩ አቅም ልክ ይደርሰዋል። አንቺ በዋይፋይ ጥርት አድርገሽ ስታዪ፣ ደሴ በሞባይል ዳታ ያሉት እናትሽ ደብዘዝ ያለ ምስል ያያሉ። ድምፁ ግን አብሮ ይሄዳል።

መቆራረጥ ከጀመረ ሁላችሁም ካሜራ አጥፉ። ጥሩ ቪዲዮ በሴኮንድ 600 ኪሎቢትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ለድምፅ 100 ኪሎቢት ገደማ ይበቃል። እኔና እናቴም እንደዚያ ነው የምናደርገው፦ መጀመሪያ ፊት ለፊት ሰላምታ፣ ልጆቹን ማሳየት፣ ከዚያ ካሜራ ዘግተን ረጅም ወሬ። እናቶች ፊታችንን ካላዩ አያምኑንም፣ ስለዚህ መጀመሪያውን አትዝለሉት።

ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቋረጣል። እንደገና መክፈት ነው።