«ኦሌና» ነው ወይስ «እሌኒ»? ስለ አንድ የዩክሬን ሴት ስም አጻጻፍ

ጥያቄ፦ «የምተረጉመው የአንዲት ዩክሬናዊት ሰነድ ነው። በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ‹ኦሌና›፣ በድሮ ፓስፖርቷ ላይ ደግሞ ‹ኤሌና› ትባላለች። እናቷ የጻፈችላት ደብዳቤ ‹ኦሌኖ› ብሎ ይጀምራል። በአማርኛ ዜና ‹የሌና›ም ‹አሌና›ም አጋጥሞኛል። ስሙ የእኛው እሌኒ ነው ይባላል፤ እንዲያ ከሆነ ለምን እሌኒ ብዬ አልገላገልም?»

መልስ፦ አይገላገሉም፤ እንዲያውም ሌላ ጣጣ ይጨምሩበታል። በሕይወት ያለች ወይም በታሪክ የምትታወቅ ዩክሬናዊት ስሟ «ኦሌና» ተብሎ ይጻፍ። «እሌኒ» የሚገባበት ቦታ አለው፤ እሱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱም ስሞች መነሻ የግሪኩ «ሄሌኔ» ነው። ግሪክኛ በጊዜ ብዛት መነሻው ላይ የነበረውን «ህ» ጣለ፤ የመጨረሻው አናባቢም ወደ «ኢ» ዞረ፤ በቢዛንታይን ዘመን የሚሰማው እንግዲህ «ኤሌኒ» ነበር። የግዕዙ እሌኒ በ«ኒ» ማለቁ ከዚህ አነጋገር ጋር ይገጥማል። ስላቮችም ስሙን ያገኙት ከዚያው ከቢዛንታይን፣ ከክርስትናው ጋር ነው፤ በቋንቋቸው የሴት ስም አብዛኛውን ጊዜ በ«ኣ» ድምፅ ስለሚያልቅ ግን «ኒ»ን «ና» አደረጉት። ቃል በ«ኤ» መጀመር ስለማይወዱም «ይ» አስቀደሙለትና «ዬሌና» ሆነ። ሩሲያኛ ይህን የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ቅርጽ ይዞ ቀረ። ዩክሬንኛ ግን በጥንቱ ምሥራቅ ስላቭኛ በብዙ ቃላት የታየውን ለውጥ ተከተለ፦ በቃል መነሻ ያለ «ዬ» ወደ «ኦ» ተለወጠ። ፖላንዳዊው ሐይቅን «ዬዦሮ» ሲል ዩክሬናዊው «ኦዜሮ» ይላል፤ አጋዘን ደግሞ በፖላንድኛ «ዬሌን»፣ በዩክሬንኛ «ኦሌን» ነው። ስሙም በዚሁ መንገድ አልፎ ኦሌና ሆነ። (አንዳንዶች ከአጋዘኑ ጋር ሊያዛምዱት ይሞክራሉ፤ ድምፁ ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም።)

ስለ «ኦ» የሚነሳው ክርክር የሚመጣው ከሩሲያኛ ነው። በሩሲያኛ «ኦ» ኃይለ ድምፅ (በቃሉ ውስጥ አንዱን ቀለም ጎልቶ እንዲሰማ የሚያደርገው ጫና) ካላረፈበት ወደ «ኣ» ይጠጋል። በዩክሬንኛ ግን ባለበት ይጸናል። በዚህ ስም ኃይለ ድምፁ የሚያርፈው በሁለተኛው ቀለም፣ በ«ሌ» ላይ ስለሆነ መነሻው ያለ ኃይል ይቀራል፤ ስለዚህ ሩሲያኛ ተናጋሪ የዩክሬኑን ጽሑፍ አይቶ ሲያነብ «አሌና» የሚል ይመስላል። ጋዜጠኛው የሚያዳምጠው የሩሲያኛ ዘገባ ከሆነ የሰማውን ይጽፋል፤ ስሕተቱ የሚገባው በዚህ በር ነው። ቤላሩስኛ ደግሞ ይህን አነባበብ በጽሕፈትም ስለሚያሳይ ስሙን «አሌና» ብሎ ይጽፈዋል። የቢያትሎን (የበረዶ ሸርተቴና የተኩስ ውድድር) ተወዳዳሪዋን ኦሌና ዙብሪሎቫን ይመልከቱ፤ የተወለደችው በዩክሬን ነው፣ ለዩክሬንም ተወዳድራለች፤ በ2002 ወደ ቤላሩስ ቡድን ተዛወረች። በቤላሩስኛ ስትጻፍ አሌና ዙብሪላቫ ትሆናለች፤ በአባት ቤት ስሟ ውስጥ ያለው «ኦ» እንኳ ወደ «ኣ» ዞሯል። ሰውዬዋ አንድ ናት፤ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም ቅርጾች ከመጡ አንባቢ ሁለት ሰው እንዳይመስለው በመጀመሪያው ቦታ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ማሳየት ያስፈልጋል።

ሁሉም «አሌና» መሰል ስም ግን ስሕተት አይደለም። «አልዮና» የሚባል በዩክሬንም በመታወቂያ ላይ ራሱን ችሎ የሚጻፍ ስም አለ። በ2008 ከእህቷ ከካቴሪና ጋር የአውስትራሊያ ኦፕን የሴቶች ጥንድ ዋንጫን የወሰደችው የቴኒስ ተጫዋች አልዮና ቦንዳሬንኮ ናት። እሷን «ኦሌና» ብሎ ማረም ማበላሸት ነው።

«ሌ»ን በተመለከተ፣ የዩክሬንኛው አናባቢ ከአማርኛው ኃምስ ትንሽ ይከፈታል፤ በዚህ ምክንያት «ኦለና» የሚሉ አሉ። እኔ ኃምሱን እመርጣለሁ። ግዕዙ «ለ» ድምፁን ወደ ሌላ ጎን ይወስደዋል፤ አንባቢም «ለና»ን ሲያይ የአማርኛ ግስ ቁራጭ ነው የሚመስለው። «ሌ»ም «ና»ም ላልተው ይነበባሉ፤ የሚጠብቅ ተነባቢ በስሙ ውስጥ የለም።

ወደ «የሌና» ልምጣ፤ ከሁሉም አጻጻፎች አብዝቶ የሚያሳስተው ይህ ነው። «የ» በአማርኛ አገናዛቢ ነው። «የሌና ንግግር ተላለፈ» የሚል ርእስ ያየ አንባቢ፣ ሌና የምትባል ሴት ንግግር አድርጋለች ብሎ ነው የሚረዳው። ጸሐፊው ባለቤትነትን ጨምሮ በትክክል ልጻፍ ካለ ደግሞ «የየሌና» ይወጣል፤ ይህን ያለ መሰናክል የሚያነብ ሰው አላውቅም። የራሳችን እሌኒ ሳትቀር በንግግር ላይ «የእሌኒ» ተዋሕዶ «የሌኒ» ይሆናል፤ ከዚህ ጋር ሲደባለቅ ጭራሽ አይለይም። ስለዚህ የሩሲያዊት ስም በሆነ ጊዜ እንኳ በኃምሱ «ዬሌና» ተብሎ ይጻፍ፤ «የዬሌና» ሲባል አገናዛቢውና ስሙ ተለይተው ይታያሉ። ኦሌና ግን በዚህ በኩል ሰላም ናት፦ የኦሌና፣ ለኦሌና፣ በኦሌና፣ ከኦሌና፣ ኦሌናን። «ኦ» ከፊቱ ከሚመጣው «የ» ጋር ስለማይዋጥ ስሙ ሳይጎድል ይቀመጣል። የግዕዝ ትምህርት ያላቸው አንባቢዎች ብቻ «ኦ»ን እንደ ጥሪ ቃል ወስደው «ሌና ሆይ» ብለው ሊያነቡት ይችሉ ይሆናል፤ ለእነሱ ስንል ግን ፊደል አንለውጥም።

ሌላው መደናገር ከ«ኦልሃ» ጋር ያለው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ኦልሃ የመጣችው ከሰሜን አውሮፓ፣ «ሄልጋ» ከሚለው ስም ነው፤ በሩሲያኛ «ኦልጋ» ትባላለች። ታሪክ ግን ደጋግሞ አገናኝቷቸዋል። በ10ኛው መቶ ዘመን ኪይቭን በእንደራሴነት የገዛችው ልዕልት ኦልሃ ስትጠመቅ ያገኘችው የክርስትና ስም የቢዛንታይኗ እቴጌ የሄሌኔ ስም ነው፤ ማለትም ኦልሃ በጥምቀት ኦሌና ሆነች። ከዘመናት በኋላ ደግሞ ኦልሃ ድራሆማኖቫ ኮሳች (1849–1930) ኦሌና ፕቺልካ በሚል የብዕር ስም ጻፈች፤ የባለቅኔዋ የሌስያ ኡክራይንካ እናት ናት። የቤተሰቡን ታሪክ የሚተረጉም ሰው በአንዱ ገጽ ኦልሃ፣ በሌላው ኦሌና ሲያገኝ አንዱን ስሕተት መስሎት እንዳያርም።

አሁን «እሌኒ» ወደሚገባበት ቦታ ልመለስ። ቅዱሳንና የጥንት ነገሥታት በአማርኛ የቆየ ስም ካላቸው በዚያው ስማቸው ይጠራሉ። የዩክሬንኛው ጽሑፍ ስለ ቆስጠንጢኖስ እናት፣ ስለ መስቀሉ ፍለጋ የሚናገር ከሆነ «ቅድስት ኦሌና» ቢልም አማርኛው «ቅድስት እሌኒ» ይበል። መስከረም 17 ቀን የምትታሰበውን ንግሥት «ኦሌና» ብለው ቢጽፉ የኢትዮጵያ አንባቢ ማን እንደሆነች ላያውቅ ይችላል። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ግንቦት ውስጥ የሚከበረው የሁለቱ በዓልም «ቆስጠንጢኖስና እሌኒ» ነው። በዚህ በዓል ምክንያት ስሟን ያገኘችው ልጅ ግን ኦሌና ናት። የልዕልት ኦልሃን የክርስትና ስም በተመለከተ ሁለቱም ይቻላል፤ እኔ ብጽፍ «እሌኒ» እላለሁ፣ ምክንያቱም የተሰየመችው በግሪክ እቴጌ ስም ነው።

ሰው በሕይወት ሲኖር ይህ አይሠራም። በኢትዮጵያ ራሷ እሌኒም ሄለንም ይባላል፤ ሁለቱም ከአንድ ግሪክኛ ስም የመጡ ናቸው፤ ሄለን የምትባለውን ልጅ ግን በቀበሌ መታወቂያ ላይ እሌኒ ብሎ የሚመዘግብ የለም። ለልብነ ድንግል በሞግዚትነት መንግሥቱን የመራችውን ንግሥት እሌኒንም «ንግሥት ሄለን» ሲሏት ጆሮ ይቆረቁራል። ለዩክሬናዊቷም እንዲሁ ነው።

በሰነድ ላይ ያገኙት የ«ኦሌና» እና የ«ኤሌና» ልዩነት ማጭበርበር አይደለም። በ1990ዎቹ መሰጠት የተጀመረው የመጽሐፍ ቅርጽ ያለው የዩክሬን የውስጥ ፓስፖርት (በአገር ውስጥ እንደ መታወቂያ የሚያገለግል) የባለቤቷን ስም በአንድ ገጽ በዩክሬንኛ፣ በሌላው ገጽ በሩሲያኛ ይዞ ነበር፤ ስለዚህ አንዲት ሴት በአንዱ ሰነድ ውስጥ ሁለት ቅርጽ ሊኖራት ይችላል። ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ አንዳንዱ ከሩሲያኛው፣ ሌላው ከዩክሬንኛው ተወስዷል። በጥር 2010 የዩክሬን የሚኒስትሮች ካቢኔ በቁጥር 55 ባወጣው ውሳኔ ከዩክሬንኛ ወደ ላቲን የሚገለበጥበትን ሥርዓት ደነገገ፤ በዚያ ሥርዓት ስሙ በ«ኦ» ነው የሚጀምረው። እርስዎ የሚተረጉሙት ለፍርድ ቤት ወይም ለኢሚግሬሽን ከሆነ እያንዳንዱን ሰነድ እንዳለ ይተርጉሙ፦ የልደት ምስክር ወረቀቱን «ኦሌና»፣ ፓስፖርቱን «ኤሌና»። ሁለቱን በራስዎ ሥልጣን አንድ አያድርጉ፤ ካደረጉ መዝገብ ቤቱ ከዋናው ጋር ሲያመሳክር አይገጥምለትምና ትርጉሙን ይመልሰዋል። ከግርጌ «የተርጓሚ ማስታወሻ፦ ሁለቱ የአንድ ስም የዩክሬንኛና የሩሲያኛ ቅርጾች ናቸው» ብለው አንድ መስመር ይጨምሩ። በዜናና በመጽሐፍ ግን ባለቤቷ ራሷን የምትጠራበትን ይያዙ። የቦታ ስምም ከዚሁ ስም ሊወጣ ይችላል፤ በሐምሌ 2022 የዩክሬን የጦር ምርኮኞች ያለቁባት የዶኔትስክ ክልል መንደር በዩክሬንኛ ኦሌኒቭካ፣ በሩሲያኛ ዬሌኖቭካ ናት።

የቤተሰብ ስም ላይም ጥንቃቄ ያሻል። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኦሌና ዜሌንስካ ናቸው፤ «ዜሌንስኪ» የወንድ ቅርጽ ነው፣ «ዜሌንስካያ» ደግሞ ሩሲያኛ። ባልየውን «ዘለንስኪ» ብለው የሚጽፉ ከሆነ ሚስትየዋንም «ዘለንስካ» ይበሉ፤ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት አናባቢ አይደባልቁ። በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር መሰናክል ብር ያገኘችው ኦሌና ክራሶቭስካም በዚሁ ሕግ ትጻፋለች። በቶኪዮ ኦሊምፒክ በብስክሌት የብር ሜዳሊያ የወሰደችው ኦሌና ስታሪኮቫ ወንድም ቢኖራት «ስታሪኮቭ» ነበር። በዚያው በአቴንስ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ወርቅ የወሰደችው ኦሌና ኮስቴቪች ግን ስሟ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ በ«ኤንኮ» የሚያልቁትም እንዲሁ። በ1942 በኪይቭ ናዚዎች የገደሏት ገጣሚ ኦሌና ቴሊሃ ናት፤ «ቴሊጋ» የሚለው ከሩሲያኛ የመጣ ነው፣ የዩክሬንኛው ፊደል «ህ» ይባላልና።

በራሷ ስምና በቤተሰብ ስሟ መሐል የሚገባ ሦስተኛ ስም ሲያዩ ከአባት ስም የወጣ መሆኑን ይወቁ። ቀዳማዊት እመቤቷ «ኦሌና ቮሎዲሚሪቭና» ሲባሉ ብዙዎች ከባላቸው ከቮሎዲሚር የተወሰደ ይመስላቸዋል፤ እንዲያ ግን አይደለም፣ አባታቸውም ቮሎዲሚር ስለሚባሉ ነው። የኪያሽኮ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ዜሌንስካን ያገኙት በጋብቻ ነው። ለዚህ ነው በሁለተኛው ጥሪ ላይ «ወይዘሮ ኦሌና» ማለት ለአማርኛ የሚስማማው፤ እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አንጠራምና «ወይዘሮ ዜሌንስካ» የተውሶ ይመስላል። «ወይዘሮ»ን ወይም «ቀዳማዊት እመቤት»ን ግን አይጣሉ። በአንቱታ «ኦሌና ተናገሩ» ሲባል ግሱ ጾታን አያሳይም፤ ስሙን የማያውቅ አንባቢ ወንድ ሊያደርጋቸው ይችላል። ስፖርተኞቹና ገጣሚዋ ላይ ይህ ችግር የለም፤ «አሸነፈች»፣ «ጻፈች» ብሎ ግሱ ራሱ ይለያል።

የእናትየዋ ደብዳቤ ላይ ያለው «ኦሌኖ» የተለየ ስም አይደለም። ዩክሬንኛ ሰውን ሲጠራ የስሙን መጨረሻ ይለውጣል፤ «ኦሌና ሆይ» እንደማለት ነው። በ«ኖ» ስላለቀ የወንድ ስም አይምሰልዎ። በአማርኛው «ኦሌና» ብለው ይመልሱት፤ ከፈለጉ «ኦሌናዬ» ይበሉ፣ የእናት ደብዳቤ ነውና አይበዛበትም። «ኦሌንካ» ወይም «ኦሌኖችካ» ካጋጠመዎት ደግሞ ቁልምጫ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ እንዳለ ይተዉት፣ ወደ ሰነዱ የስም ሣጥን ግን አያስገቡት።