«ወፍራም ድምፅ» ማለት ጮክ ያለ ድምፅ ነው?

ጥያቄ፦ የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ኤርፎን በሚሸጥ ሱቅ ነው። አንድ አባት «ድምፁ ወፍራም የሆነውን ስጠኝ» ሲሉኝ ጮክ ብሎ የሚሰማውን አወጣሁላቸው። «ይኼማ ቀጭን ነው» ብለው መለሱልኝ። ባልደረባዬ ደግሞ «ድምፅ አይወፍርም፣ ቤዝ ነው የሚባለው» ይላል። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ ትክክሉ የአባት ነው። በአማርኛ ድምፅ ይወፍራል፣ ይቀጥናልም። ልጅ ጎረምሳ ሲሆን «ድምፁ ወፈረ» እንላለን። «ድምፁ ዝቅ አለ» ካልን ግን ቀስ ብሎ ማውራት ጀመረ ማለታችን ነው። ከፍና ዝቅ የሚለው ጉልበትን ነው፤ ውፍረትና ቅጥነት የንዝረት ጉዳይ ነው። የክራር ወይም የበገና ክር፣ ማለት አውታሩ፣ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ሲርገበገብ ድምፁ ይወፍራል፣ ብዙ ጊዜ ሲርገበገብ ይቀጥናል። ስለዚህ ጮክ ያለ ቀጭን ድምፅም፣ ለስለስ ያለ ወፍራም ድምፅም አለ። አንዳንድ የትርጉም ጽሑፎች ቀጭኑን «ከፍተኛ ድምፅ» የሚሉት እንግሊዝኛውን ተከትለው ነው፤ እኔ አልቀበለውም። የዜማ ሊቃውንትም ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች አንዱ የሆነውን አራራይን ሲያስረዱ ቀጠን ያለ፣ ልብ የሚያራራ ይሉታል።

ልዩነቱን በጆሮዬ ያረጋገጥሁት በበገና ነው። በገና አሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና አውታሩን በሚደግፈው ብርኩማ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው፣ ያንን የታወቀ ዝዝታ ይሰጠዋል። አንዱን ቅጂ ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ ጆሮ ደጃፍ ላይ ብቻ በሚቀመጠው ደረቅ ፕላስቲክ ኤርፎን ሰማሁት፤ ዝዝታው ብቻ ተሰማኝ፣ ከሥሩ ያለው ወፍራም ድምፅ ግን ጠፋ። ወፍራሙ ድምፅ የጆሮው ቀዳዳ ካልተደፈነ በክፍተቱ ያመልጣል፤ የተረፈውንም የመኪናው ጩኸት ይውጠዋል። ቀዳዳውን የሚደፍነውን ባለ ጎማ ኤርፎን አድርጌ ያንኑ ቅጂ ስሰማ በገናው ሙሉ ሆኖ መጣ። ድምፁን አንዲት ነጥብ አልጨመርሁም።

«ቤዝ» ይቅር አልልም። የከተማው ሰው ተግባብቶበታል፤ «ቤዙ ይመታል» የሚለውም ያማረ አማርኛ ነው። ግን ቤዝ የሙዚቃው አንዱ ክፍል ስም ነው፤ ወፍራም ደግሞ የድምፁ ጠባይ ነው፣ ለሰው ጉሮሮም ለከበሮም ይሆናል።

አንድ ቃል ልጨምርልዎ፦ «የታፈነ»። ብዙ ሰው ከወፍራም ጋር ያምታታዋል። መስማት ያልፈለገ ሰው «መስሚያዬ ጥጥ ነው» ይላል፤ ጥጥ ይበልጥ የሚያስቀረው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ኤርፎኑም ቀጭኑን ሲያስቀር ሰ፣ ፈ እና ፀ ይደበዝዛሉ፣ የዘፋኙ ቃል አይለይም፤ ግጥሙ ሰምና ወርቅ ከሆነ ደግሞ ወርቁ ያመልጠናል። የዚህ ተቃራኒ «ጥርት ያለ» ነው። ደህና ኤርፎን ወፍራምም ጥርት ያለም ድምፅ ሊሰጥ ይችላል።

እኚያ አባት ተመልሰው ከመጡ ሌላ ዕቃ ከማውጣትዎ በፊት ጎማውን በትልቁ ቀይረው ያስሞክሯቸው።