ከሰፈር ነዋሪ ጋር የአየር ብክለት ማጥናት፦ ጥያቄና መልስ

የቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ከነዋሪዎች ጋር ሆነው የከተማ አየር ብክለትን ሲያጠኑ ለጥቂት ዓመታት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የአየር ብናኝ የሚለኩ ርካሽ ሴንሰሮች ልንገዛ ነው። ቁጥራቸው ይታመናል?

መልስ፦ እንዳለ አይታመንም። እነዚህ ሴንሰሮች ብናኙን አይመዝኑትም፤ የሌዘር ብርሃኑን ምን ያህል እንደበተነው አይተው ይገምታሉ። አየሩ ሲረጥብ ብናኙ ውሃ ስቦ ያብጣል፣ ሴንሰሩም ጉሙን እንደ ጭስ ይቆጥረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ቦታ፣ ከተገኘም ቁጥሩ ከሚታመነው ትልቅ የማጣቀሻ መሣሪያ ጎን፣ ሁለት ሳምንት ያህል ስቀሏቸው። ከባልንጀሮቹ የማይስማማው ያኔ ይታወቃል። ጥናቱ ሲያልቅም ድገሙት። አንዱ ሴንሰራችን ቀን ከሌት ከፍተኛ ቁጥር ሲልክ ሰነበተና ተማሪዎቹ ፋብሪካ ፍለጋ ወጡ። ስንከፍተው አየር ማስገቢያው ውስጥ ሸረሪት ድሯን አድርታለች።

ጥያቄ፦ ፒኤም 2.5 ስንት ሲደርስ ነው የሚያሰጋው?

መልስ፦ ፒኤም 2.5 የሚባለው ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ቀድሞ 10 ነበር። የ24 ሰዓቱ 15 ነው። የአንድ ሰዓት ቁጥር ከዓመቱ ገደብ ጋር እያነጻጸራችሁ ሰው አታስደንግጡ። በየጊዜው የማርመው ስህተት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ነዋሪው መጠይቅ ከሞላልን አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የጥናቱን ጥያቄ ራሱን ከእነሱ ውሰዱ። ተማሪዎቼ አውራ መንገድ ዳር ሊለኩ ካርታ ይዘው ሄዱ። አንዲት እናት ካርታውን አዩና «መኪናውስ ለምደነዋል፤ እኔን ያቃጠለኝ ሰው ሲተኛ ከጓሮ የሚለኮሰው ቆሻሻ ነው። ያሰጣሁት ልብስ ጠዋት ጭስ ጭስ ይላል» አሏቸው። አንዱን ሴንሰር ወደ ጓሮው አዞርነው። የሌሊቱ ቁጥር መኪና ከሚበዛበት ሰዓት በልጦ ተገኘ። ደግሞም ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ አየሩ ወደ ላይ ስለማይነሳ ጭሱ እዚያው ይተኛል።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ስንሰቅል ፈቃድ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አዎ፣ ከቤቱ ባለቤትም ከዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም፣ በጽሑፍ። የቤቱን ትክክለኛ ቦታ ካርታ ላይ አታውጡ፤ መቼ እንደሚያበስሉ፣ መቼ ቤቱ ባዶ እንደሆነ የሚያሳብቅ መረጃ ነው። የመብራቱን ሂሳብም ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ለሴንሰር ገንዘብ ከሌለንስ?

መልስ፦ የምትፈልጉት ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ከሆነ ዲፊውዥን ቲዩብ አለ። መብራት የማይፈልግ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ተሰቅሎ ላቦራቶሪ ይላካል። የሚሰጠው አማካይ ብቻ ስለሆነ የሰዓቱን ለውጥ አታዩበትም። የትኛው መንገድ ከየትኛው እንደሚብስ ለማወቅ ግን ይበቃል።

ጥያቄ፦ ውጤቱን ለነዋሪው መቼ እንንገር?

መልስ፦ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከማስገባታችሁ በፊት። የአንድ ቀን ግራፍ በትልቁ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉና «ይቺ ጉብታ ምን ትሆን?» በሏቸው። ከዚያ እናንተ ዝም ብላችሁ የሚሉትን ጻፉ።